የአባትህ ፊኒክስ ምድጃ ከመግባቱ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ አባቴ ለብዙ ዓመት የነዳው ጥቁር ፊኒክስ ብስክሌት አለን። በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ጊዜ ደለል ውስጥ ተቀብሮ ነው የተገኘው፤ ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሳቢያን አካባቢ የብረት ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩ ሰዎች በዱቄት ቀለም ቀብተን እንደ አዲስ እናደርግልሃለን ብለውኛል። ፍሬሙን ብቻ ሳይሆን መሪውን፣ ቸርኬውንና የፔዳሉን ክንድ ሁሉ ጥቁር ማድረግ እፈልጋለሁ። ልጄ ደግሞ የአሉሚኒየም ማውንቴን ብስክሌቱ አብሮ እንዲቀባለት ይለምነኛል። ወይስ ከተዘጋው ዳቦ ቤታችን የተረፈ የኤሌክትሪክ ምድጃ ስላለን ራሴ ልሞክረው?»

ወንድሜ፣ አንድ ጥያቄ አስመስለህ አራት ጠይቀኸኛል፤ ስለዚህ መልሱን ላስቀድም። ለአባትህ ብስክሌት ፍሬም (እኛ አሮጌዎቹ ታላዮ የምንለው)፣ ለሹካውና ለፓራፋንጎው አዎ። ለመሪውና ለቸርኬው ተው። ለልጅህ ብስክሌት ብትተወው ይሻላል። ለዳቦ ምድጃው ግን በፍጹም። «አዎ» ያልኩህም በብድር ነው። ከቀለሙ በፊት ያለው ሥራ በደንብ ከተሠራ ብድሩ ይከፈላል፤ ካልተሠራ ገንዘብህን ለዝገት ልብስ ትገዛበታለህ።

መጀመሪያ ዱቄቱ ምን እንደሆነ እንግባባ። በቲነር ተበጥብጦ በኮምፕሬሰር እንደሚረጨው የመኪና ቀለም አይደለም፤ ውሃም ቲነርም የለበትም። በጣም የደቀቀ ሙጫና ቀለም ነው። ከመርጫው ሽጉጥ ጫፍ ላይ ከ60 እስከ 100 ሺህ ቮልት በሚደርስ ኃይል ይሞላና ከመሬት ጋር በሽቦ የተገናኘውን ብረት ፈልጎ ይለጠፍበታል። ቱቦን ከፊት ስትረጨው ዱቄቱ ዞሮ ጀርባውንም ያለብሰዋል፤ ለብስክሌት የተመቸው በዚህ ነው። ከዚያ ምድጃ ይገባል፣ ይቀልጣል፣ ይፈሳል፣ ይበስላል። ጠባዩ የሻማ ሳይሆን የእንቁላል ነው፤ አንዴ ከበሰለ ብታሞቀው ተመልሶ አይቀልጥም። ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ፀጉር ያህል ነው። በአንድ ዙር ይህን ያህል የሚወፍር፣ ሳይንጠባጠብ ሁሉንም እኩል የሚያለብስ፣ ጠጠር ሲመታው ቶሎ የማይላጥ የርጭት ቀለም አላውቅም። ሰዎቹ «እንደ አዲስ» ሲሉህ አልዋሹህም።

ግን ጠይቃቸው፦ የትኛው ዱቄት? የብረት ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠራ ሰው መጋዘን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምታገኘው ኤፖክሲና ፖሊስተር የተባሉ ሙጫዎች የተቀላቀሉበትን ዓይነት ነው። ለቤት ውስጥ ዕቃ ተስማሚ ነው፤ ለስላሳ ነው፣ ዋጋውም ይቀላል፣ የተማሪ እግር ቢረግጠውም ይችላል። ፀሐይ ግን ጠላቱ ነው። ኤፖክሲ የፀሐይን ጨረር አይችልም፤ ላዩ ይደበዝዝና ጣትህን ስታሳርፍበት ጠመኔ እንደነካህ ነጭ ዱቄት ይዞ ይመጣል። በከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ብቻ የምትነዳው ቢሆን ኖሮ ግድ አይሰጠኝም ነበር፤ ግን የድሬ ፀሐይ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንኳ ምን እንደሚመስል እኔ ለአንተ አልነግርህም። አንተ የምትፈልገው ለደጅ የተሠራውን ፖሊስተር ነው። ይህን ዱቄት የምታገኘው የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚቀቡት ዘንድ ነው፤ የእነሱ ሥራ ዕድሜውን ሙሉ ፀሐይ ላይ የሚቆም ስለሆነ ሌላ ምርጫ የላቸውም። ስለዚህ ወይ ወደ እነሱ ሂድ፣ ወይ የወንበር ሠሪዎቹን «ለደጅ የሚሆን ፖሊስተር አስመጡልኝ» በላቸው። ካርቶኑን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ዓይነቱም፣ የሚበስልበት ሙቀትና ደቂቃም፣ የተመረተበት ቀንም በላዩ ተጽፏል። የአባትህን ጥቁር የሚመስለውን ከፈለግህ በቀለም ቁጥር ራል 9005 በል፣ የሚያብረቀርቀውን። ጭጋግ የመሰለው ጥቁር የዘመኑ ፋሽን ነው፤ በፊኒክስ ላይ ግን ሱሪ ላይ ቀሚስ እንደመደረብ ይሆንብኛል።

ስለ ዱቄቱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ይህ የእኛ የቆላዎቹ ችግር ነው። ዱቄቱ ከ25 ወይም ከ30 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ መጋዘን መቀመጥ የለበትም። በግንቦትና በሰኔ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መጋዘን ስንት እንደሚደርስ ገምት። እፍኝ አድርገህ ያዘው። እንደ ደረቀ ሽሮ በጣቶችህ መካከል ከፈሰሰ ደህና ነው፤ እንደተለወሰ በሶ ከተጓጎለ ግን ሽጉጡን ይደፍነዋል፣ ፍሬሙም ላይ ብጉር ብጉር ሆኖ ይወጣል። ሐረር ያሉ ባለሙያዎች ስለዚህ ጉዳይ ስናማርር ይስቁብናል፤ የደንገጎን አቀበት ወጥቶ ብርድ ልብስ የሚደርብ ሰው መሳቁ አይገርምም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ብስክሌቱ ጎርፍ ገብቶበታል ብለሃል። ያ ጎርፍ ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ደለል ነበር። ደለል ቱቦ ውስጥ ከቀረ እርጥበት ይዞ ለዓመታት ይቀመጣል። የዱቄት ቀለም ደግሞ የሚደርሰው ውጭውን ብቻ ነው። ከውስጡ የተበላ ፍሬም በዱቄት መቀባት ምስጥ ለበላው ምሰሶ ኖራ እንደመቀባት ነው። ያምራል፤ አንድ ቀን ግን ከነ ጋላቢው ይወርዳል።

ስለዚህ አንድ ብር ከማውጣትህ በፊት ብስክሌቱን እርቃኑን አስቀረው። ኮርቻውን ከነዘንጉ ንቀል፣ ሹካውን አውጣ፣ የፔዳሉን ዘንግ ከነኩሽኔታው አውጣ። በእንደዚህ ያለ አሮጌ ብስክሌት የፔዳሉን ክንድ ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው አንዲት የብረት ሽብልቅ ናት። ዳዶዋን ሙሉ በሙሉ ሳትፈታ ከጫፏ እኩል አድርገህ ተዋት፣ ከዚያ በመዶሻ አንድ ጊዜ ደፍረህ ምታት፤ እየፈሩ አሥር ጊዜ የሚኮረኩሟት ናቸው ጥርሷን የሚጨርሷት። የዘንጉ ቤት በእንግሊዝ ልኬት የተሠራ ከሆነ በቀኝ በኩል ያለው የኩሽኔታ ጽዋ የሚፈታው ወደ ቀኝ በማዞር ነው። ይህን ሳያውቁ ወደ ግራ እየታገሉ ቤቱን የሰነጠቁ ጎበዞች አውቃለሁ።

ሁሉም ከወጣ በኋላ ፍሬሙን ገልብጠህ ጋዜጣ ላይ አራግፈው። የሚወርደውን ተመልከት። ቡናማና ለስላሳ አፈር ከሆነ ደለል ነው፤ ይታጠባል። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀጭን፣ ጠርዙ የሚቆረጥ ቅርፊት ከወረደ ግን እሱ አፈር አይደለም፤ የቱቦህ ግድግዳ ነው። ከዚያ በማንኪያ ጀርባ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ኳ ኳ አድርጋቸው። ጤነኛው ይጮሃል፤ የታመመው እንደ ዱባ ድም ይላል። በመጨረሻ ስፌት የሚሰፋበትን ወስፌ ያዝና ከፔዳሉ ዘንግ ቤት ሥር፣ ከኋላ ጎማ መያዣው አጠገብ፣ ከኮርቻው ቱቦ ታችኛ ጫፍ ላይ ጠበቅ አድርገህ ውጋው፤ ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው። ወስፌው ከገባ ነገሩ አብቅቷል፤ ግድግዳ ላይ ስቀለውና የአባትህ መታሰቢያ ይሁን። ካልገባ በኃይለኛ ውሃ ውስጡን እጠብ፣ ገልብጠህ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አቁመው። ቅድም የረገምኳት ፀሐይ ይህን በነፃ ትሠራልሃለች።

ሌላው ስቱኮ ነው። አባትህን፣ አባትህ ከሌሉ ደግሞ የሰፈሩን መካኒክ ጠይቅ፦ ይህ ብስክሌት ተጋጭቶ ያውቃል? አንድ ጊዜ ጠያቂ ሳልሆን ቀርቼ ዋጋ ከፍያለሁ። የመጣልኝ ቀይ ብስክሌት ላዩ መስታወት ነበር። ደንበኛው «አሮጌው ቀለም ጥሩ ነው፣ ዝም ብላችሁ በላዩ ደርቡበት» አለና እኔም ቸኩዬ በብርጭቆ ወረቀት ብቻ አሽቼ ደረብኩበት። ምድጃውን ስከፍት ከመሪው አንገት ሥር የእንቁላል መጠን ያለው እብጠት ወጥቷል። ለካ ከሥሩ አሮጌ ጉድጓድ በስቱኮ ተሞልቶ ነበር። የመኪና ስቱኮ 200 ዲግሪ አይችልም፤ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ ኤሌክትሪክም ስለማያሳልፍ ዱቄቱን በደንብ አይስብም። ከዚያ ወዲህ ብረቱ ብረት መስሎ ካልታየኝ አልነካውም። ጉድጓድ ካለ ወይ በነሐስ ብየዳ ይሞላል፣ ወይ ጉድጓዱን እንደ ጠባሳ ትቀበለዋለህ።

አሮጌው ቀለም እንግዲህ ሙሉ በሙሉ መነሣት አለበት። ጥሩው መንገድ በአየር ግፊት ድቃቂ ነገር እየረጩ መግፈፍ ነው። እዚህ ላይ አጥብቄ የምለምንህ አንድ ነገር አለ፦ በወንዝ አሸዋ እንዳይሠሩት። ርካሽ ስለሆነና ደቻቱ ሲደርቅ እንደልብ ስለሚገኝ የሚጠቀሙበት አሉ። አሸዋ ብረት ላይ ሲፈነዳ የሚወጣው ብናኝ ሳንባ ውስጥ ገብቶ የማይወጣ፣ መድኃኒትም የሌለው በሽታ ያመጣል። በሽታው የሚይዘው አንተን ሳይሆን ሽጉጡን የያዘውን ወጣት ነው። ለዚህ ሥራ የተዘጋጀ የጋርኔት፣ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ወይም የመስታወት ድቃቂ አለ። ፊኒክስ ቱቦው ወፍራም ስለሆነ ግፊቱን ይችላል። ውድ የእሽቅድምድም ብስክሌት ግን መሐል ቱቦው ግማሽ ሚሊሜትር ብቻ ሊሆን ስለሚችል ግፊቱ ይቀነስለታል፤ አለበለዚያ ብረቱም አብሮ ይበላል።

ከግፈፋው በኋላ ብረቱ ግራጫ፣ ሻካራና እንደ ሕፃን ቆዳ ስሜታም ይሆናል። በባዶ እጅ አይነካም። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። አንድ ነጭ የሴት ብስክሌት ሠርቼ ነበር፤ ሲያልቅ እኔም ባለቤቷም ወደድነው። ከስምንት ወር በኋላ መልሳ አመጣችው። የላይኛው ቱቦ ላይ ከቀለሙ ሥር ቡናማ ነጠብጣቦች ወጥተዋል፤ አራቱ በአንድ ረድፍ፣ አምስተኛው ከበታች ለብቻው። እጄን ሳስጠጋው የረዳቴ መዳፍ ሆኖ አገኘሁት። ከግፈፋው ወደ መርጫው ክፍል ሲያሻግር በላብ እጁ ይዞት ነበር። የላብ ጨው እዚያው ተቀብሮ ሥራውን ሠርቷል። የአውራ ጣቱ መስመር ሳይቀር ይነበብ ነበር። አሁን ጓንት ሳያደርግ ፍሬም የሚነካ ረዳት የለኝም። ከግፈፋ ወደ ቀለምም ሰዓታት እንጂ ቀን እንዲያልፍ አልፈቅድም።

ከዚያ የፎስፌት እጥበት አለ። ብረቱን ቀለም አጥብቆ እንዲይዝና ዝገት እንዳይስፋፋ የሚያደርግ ቀጭን ሽፋን ይሰጠዋል። ወንበር ሠሪዎቹም ደህና ከሆኑ ይህን ያደርጋሉ። የአንተ ብስክሌት ግን ጎርፍ ያየ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ብትከፍልበት አይቆጭህም፤ ከሥር የዝገት መከላከያ ዱቄት፣ ዚንክ ያለበት ወይም ኤፖክሲ፣ ከላይ ፖሊስተር። አዎ፣ ያው ቅድም ያጣጣልኩት ኤፖክሲ። ፀሐይ ካላየ ብረትን ይዞ የሚቆይ እንደ እሱ ያለ የለም፤ ጥፋቱ ደጅ መውጣቱ ብቻ ነው። አሮጌ ብረት ደግሞ ዘይትና ግራሶ በብየዳው ስንጥቅ ውስጥ ይደብቃል። ስለዚህ ዱቄት ከመረጨቱ በፊት ባዶውን ፍሬም አንድ ጊዜ ምድጃ ውስጥ አግሎ ማብረድ ጥሩ ነው። የተደበቀው ዘይት ያኔ ይጨስና ይወጣል፤ አለበለዚያ የሚወጣው ቀለሙ ሲበስል ነው፣ መርፌ የወጋው የመሰለ ቀዳዳ እየተወ።

አሁን የሚሸፈነውን እንይ፤ ወንበር ሠሪ ስለ ብስክሌት የማያውቀው ይህን ነውና አንተ ራስህ ቁም። የፔዳሉ ዘንግ ቤት ጥርሶች በሲሊኮን መድፈኛ ይዘጋሉ። የመሪው አንገት ላይና ታች፣ የኩሽኔታው ጽዋ የሚቀመጥበት ውስጡ፣ ባዶ ብረት ይቆይ። የሹካው ዘንግ ጥርስና የጽዋው መቀመጫም እንዲሁ። የኮርቻው ቱቦ ውስጥ ዱቄት እንዳይገባ፤ ሂሳቡ ቀላል ነው። በአንድ በኩል 70 ማይክሮን ቢለብስ በሁለቱ በኩል 0.14 ሚሊሜትር ይሆናል፣ የኮርቻው ዘንግ ደግሞ የተሠራው ልክ በልክ ስለሆነ አይገባም። በመዶሻ ካስገባኸው ደግሞ አይወጣም። ለመሸፈኛ የሚሆነው ሙቀት የሚችል ልዩ ፕላስተር ነው። ተራው የቀቢ ፕላስተር ምድጃ ውስጥ ይቃጠልና ሙጫው ብረቱ ላይ ተጋግሮ ይቀራል። ፊት ላይ ያለችው ዓርማ በትንንሽ ሪቬት የተያዘች ናት፤ ቀስ ብለህ ቦርቡረህ አውጣትና ኪስህ ውስጥ አስቀምጣት። ፍሬሙ ላይ የተመታውን ቁጥርም ፎቶ አንሣው፤ ወፍራም ቀለም ሊሞላው ይችላል፣ ብስክሌቱ ቢሰረቅ የአንተ መሆኑን የሚመሰክርልህ ደግሞ እሱ ነው።

ሲረጩ የሚሳሳቱት ማዕዘን ላይ ነው። ኤሌክትሪኩ ወደ ጠባብ ውስጠኛ ማዕዘን መግባት አይወድም፤ ዱቄቱ ሁሉ ከጎን ባለው ጠርዝ ላይ ይከመርና ቱቦ ከቱቦ የሚገናኝበት ጉያ ሳስቶ ይቀራል። የሚያውቅ ሰው ቮልቱን ቀንሶ መጀመሪያ ጉያዎቹን ይረጫል፣ ሜዳውን መጨረሻ። ምድጃ ከመግባቱ በፊት ባትሪ አብርተህ ከፔዳሉ ቤት ጀርባና ከኋላ ጎማው በላይ ሁለቱን ቱቦዎች የምታያይዘውን ድልድይ ተመልከት። ብረት ከታየህ በላቸው፤ በዚያ ሰዓት ማስተካከል ነፃ ነው። የተንጠለጠለበት መንጠቆም ንጹሕ ብረት ይሁን። መንጠቆው ከወንበር ቀለም ብዛት እንደ ጣት ወፍሮ ካየኸው የመሬት ግንኙነት የለም ማለት ነው፣ ዱቄቱም አይይዝም።

የምድጃውን ነገር በአጭሩ ልንገርህ፦ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሩ ከተዘጋበት ሳይሆን ብረቱ ሙቀቱ ላይ ከደረሰበት ነው። ካርቶኑ «200 ዲግሪ፣ 10 ደቂቃ» ቢል የብረቱን ነው የሚለው። የወንበር ቱቦ ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይደርሳል። የፊኒክስ የፔዳል ዘንግ ቤትና መጋጠሚያዎቹ ወፍራም ስለሆኑ ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ቱቦው ሲበስል እነሱ ገና ጥሬ ናቸው። በርቀት ሙቀት መለኪያ ወፍራሙን ቦታ ለክተው ከዚያ ይቁጠሩ። መሐል ላይ መብራት ቢጠፋ አትደንግጥ፣ ሲመለስ እንደገና አሙቆ መጨረስ ይቻላል፤ ሳይጨርሱ «ደርቋል» ብለው እንዳይሰጡህ ብቻ። ፈተናው ቀላል ነው። በማይታይ ቦታ አሴቶን የነካ ነጭ ጨርቅ ደጋግመህ እሸው። ትንሽ ቢደበዝዝ ምንም አይደለም፤ ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከመጣ ወይም ከለሰለሰ አልበሰለም።

መሪውንና ቸርኬውን ለምን ተው አልኩህ? ሁለቱም ኒኬል ናቸው፣ ማለቴ ሕዝቡ ኒኬል የሚለው ክሮም ነው። ዱቄት በክሮም ላይ አይጨብጥም፤ ቆይቶ እንደ እባብ ቆዳ ይገፈፋል። ክሮሙን ማስነሣት ደግሞ ሌላ ወጪና ሌላ መርዝ ነው። ቸርኬው ላይ የባሰ ምክንያት አለ። አሮጌ ፊኒክስ በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ካለው፣ የፍሬኑ ጎማ ቸርኬውን የሚነክሰው ከጎን ሳይሆን ከውስጥ በኩል ነው። ያንን ቦታ በሚያዳልጥ ቀለም ከለበጥከው ፍሬኑ መጀመሪያ አይዝም፣ ቀጥሎ ቀለሙን እየፋቀ ይለቃቅመዋል። ከዚራ ሜዳ ላይ ይህ ቀልድ ነው፤ ከደንገጎ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው ቀልድ አይደለም። በዚያ ላይ ራጂዎቹን ሁሉ ፈትቶ መልሶ መወጠር አለ። ይልቅ አንድ የአሉሚኒየም ፎይል ቁራጭ ጨምድድ፣ ውሃ ንከርና ክሮሙን እሸው። ላዩን የያዘው ዝገት ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይለቃል፤ ከሥሩ የሚወጣው ብርሃን ከማንኛውም ቀለም ይበልጥብኛል። የፔዳሉን ክንድ ብረት ከሆነ መቀባት ትችላለህ፣ የሽብልቋን ቀዳዳ ሸፍነህ፤ ጫማህ ግን በዓመቱ ይፍቀዋል።

ልጅህን ላስቀይመው ነው። የአሉሚኒየም ፍሬም በዱቄት አይቀባም ማለቴ አይደለም፤ ፋብሪካዎችም ይቀባሉ። ነገር ግን አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በተለካ ሙቀት ነው። 6061 የሚባለው ቅይጥ የሚጠነክረው ከ160 እስከ 180 ዲግሪ ባለ ሙቀት ለብዙ ሰዓት ቆይቶ ነው። በ200 ዲግሪ ሃያ ደቂቃ አንድ ጊዜ ብታገባው ብዙ አይጎዳም። ምድጃው ተሳስቶ ከዚያ በላይ ቢወጣ፣ ወይም መብራት እየጠፋ ሦስት ጊዜ ቢመላለስ ግን ብረቱ ይለሰልሳል፣ በዓይን ደግሞ አይታይም። 7005 የተባለው ከዚያም በታች በሆነ ሙቀት የሚሠራ ስለሆነ የበለጠ ስስ ነው። የወንበር ምድጃ ከጥግ እስከ ጥግ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚለያይ ስለማውቅ የልጅ ብስክሌት አልሰጠውም። ዱቄት ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ብየዳ ላይ የሚጀምረውን የፀጉር ስንጥቅ ይደብቃል፤ አሉሚኒየም ከመሰበሩ በፊት የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ያቺ ስንጥቅ ብቻ ናት። የመኪና ቀለም ቀቢ ዘንድ ውሰደው፤ ያለ ምድጃ የሚደርቅ ባለ ሁለት ቅልቅል ቀለም ይረጭለት። የፊት ሹካው ሞላና ዘይት ያለበት ከሆነ ከማንኛውም ምድጃ ያርቀው፣ ካርቦን የሆነ ዕቃ ካለበትም እንዲሁ። ካርቦንን የያዘው ሙጫ 200 ዲግሪ ሳይደርስ ይለሰልሳል።

የዳቦ ምድጃው። ሐሳቡ የገባህ ከየት እንደሆነ ይገባኛል፤ ሙቀቱም ይደርሳል፣ ስፋቱም ይበቃ ይሆናል። ግን ዱቄቱ ሲበስል የሚወጣው ጭስ ግድግዳው ላይ ይቀመጣል፤ አንዳንዱ ፖሊስተር ውስጥ ያለው ማጠንከሪያ ደግሞ ለሰው ጤና መርዝ ነው። አንዴ ቀለም የገባበት ምድጃ ከእንግዲህ ዳቦ አይጋገርበትም፤ አሥር ጊዜ ቢታጠብም። አንድ ቀን ደግሞ ዳቦ ቤቱ ሊከፈት ይችላል፣ ወይም ሳታስበው ትሸጠዋለህ፣ ገዢው ምን እንደገባበት አያውቅም። በቤት ውስጥ በአየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት እንደ ወፍጮ ቤት ብናኝ በአንዲት ብልጭታ ሊነድድ መቻሉን ስጨምርበት ክርክሩ የሚያልቅ ይመስለኛል።

ፍሬሙ ሲመለስልህ የመጀመሪያው ሥራ ማራገፍ ነው። ገልብጠህ፣ አንቀጥቅጠህ፣ በአየር ንፋ። የግፈፋው ድቃቂ ቱቦ ውስጥ ይቀራል፤ አንዲት ቁንጥር ወደ ፔዳሉ ኩሽኔታ ከወረደች በሳምንት ውስጥ ትፈጨዋለች። ቀጥሎ በቀለም የተደፈኑ የብሎን ጥርሶች ካሉ በጥርስ ማውጫ መሣሪያ አጽዳ። ከዚያ «የተፈላ» እየተባለ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት በኮርቻው ቱቦ በኩል አፍስስና ፍሬሙን ወዲያና ወዲህ እያገላበጥክ ውስጡን ሁሉ አልብሰው፤ የተረፈውን አውጥተህ ለጥቂት ቀን እንዲደርቅ ተወው። ይህን ከምድጃ በፊት ማድረግ ግን አይቻልም፤ ጭሱ ቀለሙን ያበላሸዋል። ዘይቱን የጠረግህበትን ጨርቅም ጠቅልለህ ጥግ ላይ አትተወው፤ በራሱ ሞቆ ሊቀጣጠል ይችላል። ጠጠር መትቶ ቀለሙን ቢልጥልህ በዚያው ቀን በትንሽ ጥቁር የጥፍር ቀለም ድፈነው፤ የባለቤትህ ካልሆነ የልጅህ አይጠፋም።

ስትገጥመው ብሎኑ የሚጫንበት ቦታ ሁሉ ላይ ቀለም አለ፣ ቀለሙ ደግሞ ትንሽ ይጠቀጠቃል። ስለዚህ የኋላ ጎማውን፣ የፓራፋንጎውንና የኮርቻውን ብሎኖች አጥብቀህ አንድ ሳምንት ከነዳኸው በኋላ እንደገና አጥብቃቸው። ዓርማዋን ደግሞ መጨረሻ ላይ ነው የምትመልሳት፣ በትንንሽ አዳዲስ ሪቬቶች።